«ነገ ከመጣ» ለምን «ኢፍ ሂ ኬም» አይሆንም? ስለ እንግሊዝኛ የ«ኢፍ» ዐረፍተ ነገሮች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰኝ ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው በአንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል የሚሠሩና ለደረጃ ዕድገት የእንግሊዝኛ የጽሑፍ ፈተና የወሰዱ ሰው ናቸው። «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ ታዘው «ኢፍ ሂ ኬም ቱሞሮው፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ብለው ጻፉ፤ ተሰረዘባቸው። ቀጥሎ «ካልመጣ በስተቀር አልሄድም» ለሚለው «አንለስ ሂ ደዝ ኖት ከም፣ አይ ዊል ኖት ጎ» ብለው መለሱ፤ እሱም ተሰረዘ። «‹መጣ› ‹ኬም› ከሆነ ‹ከመጣ› ለምን ‹ኢፍ ሂ ኬም› አይሆንም? ደግሞስ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ‹ኢፍ አይ ሃድ መኒ› (ገንዘብ ቢኖረኝ) ሲሉ ስለ ዛሬ እየተናገሩ ኃላፊ ጊዜ ይጠቀሙ የለም ወይ? የ«ኢፍ» ዐረፍተ ነገሮችን ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ እያለ የሚከፋፍለውን ሠንጠረዥ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ልጽፍበት ስል ግን ይምታታብኛል» ይላሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ ነገር የተሳሳቱት አማርኛውን በትክክል ስለተከተሉ መሆኑን ነው። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን ስህተት በጎበዝ ተማሪዎች ደብተር ላይ ደጋግሜ አርሜዋለሁ። ሠንጠረዡን የሸመደደ ተማሪ ገልብጦ ሊያልፍ ይችላል፤ እያሰበ የሚጽፈው ግን «መጣ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ስለዚህ መልሴን ከአማርኛው እጀምራለሁ። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ጮክ ብለው እንዲያነቧቸው ነው፤ የዚህ ሰዋስው ግማሹ በጆሮ የሚገባ ነውና።

«መጣ» ኃላፊ ጊዜ ነው ተብለን ተምረናል። ሆኖም ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠው አስተናጋጇን ሲጠሯት «መጣሁ!» ትልዎታለች። ገና አልመጣችም፤ ምናልባትም ወደ ሌላ ጠረጴዛ እየሄደች ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ረዳቱ «ሄድን፣ ሄድን!» ይላል፤ መኪናው ግን እንደቆመ ነው። ማንም «ዋሽታችኋል» አይላቸውም፤ ሊፈጸም የተቃረበውን ነገር እንደተፈጸመ ቆጥረው መናገራቸውን ሁላችንም እናውቃለንና። «ነገ ከመጣ» ስንልም የምናደርገው ይህንኑ ነው። የነገውን መምጣት በሐሳባችን እንደተፈጸመ አድርገን እናስቀምጥና ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እንናገራለን። «ነገ» የሚለው ቃል ከ«መጣ» ጋር በሰላም ሲኖር ጆሯችንን የማይከነክነው ለዚህ ነው። እንግዲህ የኃላፊ ግሥ ቅርጽ ሁልጊዜ ያለፈ ጊዜን እንደማያመለክት እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቁታል፤ ስሙን አልሰጡትም እንጂ።

አሁን «ከመጣ» በሚለው ጎን «ቢመጣ» የሚለውን ያስቀምጡ። «ከመጣ እነግረዋለሁ» ሲሉ መምጣቱ ሊሆን የሚችል፣ በሩ ያልተዘጋበት ነገር ነው። «ቢመጣ እነግረው ነበር» ሲሉ ግን እንደማይመጣ ያውቃሉ፣ ወይም መምጣቱን አጥብቀው ይጠራጠራሉ። ይህን ልዩነት ማንም አላስተማረዎትም፤ ነገር ግን አንድም ቀን አይሳሳቱበትም። የሁለቱን ቃላት አሠራር ደግሞ ልብ ይበሉ። «ከመጣ» የሚለው «ከ» እና «መጣ» ነው። «ቢመጣ» የሚለው ግን ከ«መጣ» አልተሠራም፤ «ብ» ከ«ይመጣ» ጋር ተዋሕዶ ነው። «ብትመጣ» ሲባል የ«ትመጣ» «ት» በግልጽ መታየቷ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ አማርኛ ይሆናል ለሚለው ነገር የኃላፊውን ቅርጽ፣ ሩቅ ነው ወይም አይሆንም ለሚለው ነገር ደግሞ ገና ያልተፈጸመውን የ«ይመጣ» ቅርጽ ይመርጣል ማለት ነው።

እንግሊዝኛ የሚያደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ይሆናል ለሚለው የአሁኑን ቅርጽ ወስዶ «ኢፍ ሂ ከምስ» ይላል፤ ሩቅ ነው ወይም አይሆንም ለሚለው የኃላፊውን ቅርጽ ወስዶ «ኢፍ ሂ ኬም» ይላል። ትርጉሞቹ ይገናኛሉ፤ ቅርጾቹ ግን መስቀለኛ ናቸው። «ከመጣ» ከ«ኢፍ ሂ ከምስ» ጋር፣ «ቢመጣ» ከ«ኢፍ ሂ ኬም» ጋር ይጣመራል። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር የተሰረዘበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ «ኢፍ ሂ ኬም ቱሞሮው፣ አይ ዊል ቴል ሂም» የሚለው እንግሊዝኛ ለለመደ ጆሮ «ነገ ቢመጣ ኖሮ እነግረዋለሁ» እንደማለት ነው። ይህን በአማርኛ የሚናገር ሰው ቢገጥምዎ ወዲያው ያርሙት ነበር። ትክክለኛው «ኢፍ ሂ ከምስ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ቴል ሂም» ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ማለትም «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» ለምን በኃላፊ ቅርጽ ስለ ዛሬ እንደሚናገር፣ ከመጀመሪያው የበለጠ ማብራሪያ ይገባዋል። በእንግሊዝኛ የኃላፊ ቅርጽ ዋና ሥራ ነገርን ማራቅ ነው ብዬ አስተምራለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያርቀው በጊዜ ነው፤ ትናንት የሆነ ነገር ከዛሬ የራቀ ነው። ግን ነገርን ከእውነት ለማራቅም ያገለግላል፤ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» ሲባል ገንዘቡ የራቀው ከጊዜው ሳይሆን ከኪሱ ነው። ሦስተኛም አለ፤ ተናጋሪው ራሱን በትሕትና ከጥያቄው ሲያርቅ «አይ ዎንትድ ቱ አስክ ዩ» (ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር) ይላል፤ ፍላጎቱ ግን ትናንት ያለቀ ሳይሆን አሁን ያለ ነው። ይህ ባዕድ ነገር እንዳይመስልዎ። ወደ አንድ ቢሮ ገብተው «ኃላፊውን ላነጋግር ፈልጌ ነበር» ሲሉ አሁንም እየፈለጉ ነው፤ «ነበር» ያስገቡት ድፍረቱን ለማለዘብ ነው። «ምነው ገንዘብ በኖረኝ!» ሲሉም እንዲሁ በኃላፊ ቅርጽ የዛሬን እጦት ይናገራሉ፤ እንግሊዝኛው «አይ ዊሽ አይ ሃድ መኒ» ሲል ከዚህ ጋር ፍጹም አንድ ነው። አማርኛም በኃላፊ ቅርጽ ያርቃል፤ የሚያርቅበት ቦታ ነው የተለየው።

ቦታው የት እንደሆነ ለማየት የዐረፍተ ነገሩን ሁለተኛ ክፍል፣ ውጤቱን የሚናገረውን፣ ይመልከቱ። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» በሚለው ውስጥ ርቀቱን የሚሸከመው መጨረሻ ላይ ያለው «ነበር» ነው። በእንግሊዝኛ ያንን ቦታ የሚይዘው «ዉድ» ነው፤ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ሃውስ»። ለተማሪዎቼ ከሠንጠረዡ በፊት የምሰጣቸው መፈተኛ ይህ ነው፦ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ሙሉ አድርጋችሁ ተናገሩት፤ በውጤቱ ክፍል «ነበር» ከመጣ በእንግሊዝኛው ውጤት ላይ «ዉድ» ወይም ወንድሞቹን «ኩድ» እና «ማይት» ጻፉ፤ «ነበር» ካልመጣና ግሡ «እነግረዋለሁ» ዓይነት ከሆነ «ዊል» ጻፉ። የ«ኢፍ» ክፍል ግሥ ራሱ ተከትሎ ይስተካከላል። ከ«ዊል» ጋር የአሁን ቅርጽ፣ ከ«ዉድ» ጋር የኃላፊ ቅርጽ ይሄዳል። መፈተኛው የማይቆርጥበት ቦታ አለው፤ «ቢመጣ ደስ ይለኛል» በሚለው «ቢ» አለ፣ «ነበር» ግን የለም። እንዲህ ያለውን እንግሊዝኛ በሁለቱም መንገድ ይመልሰዋል፤ ተናጋሪው መምጣቱን ተስፋ ካደረገ «አይ ዊል ቢ ሃፒ ኢፍ ሂ ከምስ»፣ ከተጠራጠረ «አይ ዉድ ቢ ሃፒ ኢፍ ሂ ኬም»። ምርጫው የሰዋስው ሳይሆን የልብ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ሥር የሰደደ ስህተት ላንሳ። ብዙ ተማሪ «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ሃውስ» ብሎ «ዉድ»ን በሁለቱም ክፍል ይጽፋል። ምንጩ አማርኛው ይመስለኛል፤ «ቢኖረኝ» እና «እገዛ» ሁለቱም ገና ባልተፈጸመው ቅርጽ ስለተሠሩ ተማሪው በእንግሊዝኛም አንድ ዓይነት ሊያደርጋቸው ይሞክራል። «ነበር» ግን በአማርኛም አንድ ጊዜ ብቻ፣ በውጤቱ ክፍል ብቻ ነው የሚመጣው፤ «ዉድ»ንም እዚያው ብቻ ይተዉት። «ዊል»ም እንዲሁ ነው። «ኢፍ ሂ ዊል ከም ቱሞሮው» ብሎ መጻፍን አማርኛ አላስተማረንም፤ «ከይመጣል» የሚባል ቃል የለንምና። ይህ ስህተት የሚመጣው «ቱሞሮው» ባለበት ሁሉ «ዊል» መኖር አለበት ብሎ ከመሸምደድ ነው። «ዊል» ከ«ኢፍ» በኋላ በትክክል የሚመጣበት ጊዜ መኖሩን ግን አልደብቅዎም፤ ትርጉሙ ፈቃደኝነት ሲሆን፣ ለምሳሌ «ኢፍ ዩ ዊል ዌይት ኤ ሞመንት» ሲባል፣ «እባክዎ ጥቂት ለመቆየት ፈቃደኛ ከሆኑ» ማለት ነው።

አሁን ስለ ሠንጠረዡ። አራት ዓይነት ኮንዲሽናል (እንደ «ከመጣ እነግረዋለሁ» ያለ፣ ሁኔታን ከውጤት ጋር የሚያያይዝ ዐረፍተ ነገር) አለ የሚለው ትምህርት የተዘጋጀው ለማስተማር እንዲመች ነው፤ እንግሊዝኛ በአራት ሳጥን ተከፍሎ አይነገርም። ያም ሆኖ ዜሮ ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት ምሳሌ እዚህ ደሴ ውስጥ እውነት አይደለም። «ኢፍ ዩ ሂት ዋተር ቱ 100 ዲግሪስ፣ ኢት ቦይልስ» ይላሉ፤ ውሃ 100 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው በባሕር ወለል ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ውሃውም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ይፈላል። ዝቅ ብላ በተቀመጠችው ኮምቦልቻ ጥቂት ከፍ ይላል። ይህን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ፊዚክስ ለማስተማር አይደለም። አንዱ እውነት ሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደሚወልድ ለማሳየት ይጠቅመኛል። እዚህ ሁልጊዜ የሚሆነውን ስንናገር «ኢፍ ዩ ሂት ዋተር ቱ 92 ዲግሪስ ኢን ደሴ፣ ኢት ቦይልስ» እንላለን፤ በሁለቱም ክፍል የአሁን ቅርጽ ነው፤ «ዊል»ም «ዉድ»ም የለም። ያልሆነውን ስናስብ ደግሞ «ኢፍ ደሴ ዌር አት ሲ ሌቭል፣ ዋተር ዉድ ቦይል አት 100 ዲግሪስ» እንላለን፤ «ደሴ በባሕር ወለል ላይ ብትሆን ኖሮ ውሃው 100 ላይ ይፈላ ነበር»። ጦሳ ተራራ ከነቦታው እስካለ ድረስ ይህ የማይሆን ነገር ነው፤ ስለዚህ «ነበር» አለ፣ ስለዚህ «ዉድ» አለ።

በዚህ ምሳሌ «ዎዝ» ሳይሆን «ዌር» መጻፉን አስተውለዋል። ለነጠላ ባለቤት «ዌር» መባሉ «ሰብጃንክቲቭ» ከሚባለው ጥንታዊ የግሥ እርባታ የተረፈ ቅርስ ነው፤ «ኢፍ አይ ዌር ዩ» የሚለውም ከዚያው ነው። በንግግር «ኢፍ አይ ዎዝ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በፈተና ላይ ግን «ዌር» ይጻፉ።

አማርኛ በእውነት የሚያስቸግረን ታይፕ ስሪ በሚባለው፣ ያኔ ሳይሆን ስለቀረ ነገር በሚናገረው ዓይነት ላይ ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ ያንን ቤት እገዛ ነበር» የሚል ሰው ስለ መቼ እየተናገረ ነው? ዛሬ ገንዘብ የለኝም፣ ስለዚህ ቤቱን አልገዛም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ አምና ገንዘብ አልነበረኝም፣ ስለዚህ ሳልገዛው ቀረሁ ማለቱም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ልብስ ያለብሳቸዋል፤ ልዩነቱን የምናውቀው «ዛሬ» ወይም «ያኔ» ከሚሉ ቃላት፣ ካልሆነም ከጨዋታው አካሄድ ነው። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም፤ እንዲመርጡ ያስገድድዎታል። ስለ ዛሬ ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ዛት ሃውስ» ነው። ስለ አምና ከሆነ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተጨምሮ «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ሃቭ ቦት ዛት ሃውስ» ይሆናል። «ሃድ ሃድ» ሁለት ጊዜ መምጣቱ የጽሑፍ ስህተት አይደለም፤ የመጀመሪያው ነገሩን ከእውነት ያራቀ፣ ሁለተኛው የ«ሃቭ» ሦስተኛ ቅርጽ («ሃቭ፣ ሃድ፣ ሃድ» ሲባል የመጨረሻው) ነው። ነገሩ ከእውነትም ከዛሬም ስለራቀ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል ብለው ቢይዙት አይረሱትም።

ታዲያ አማርኛን ለዚህ ረዳት ማድረግ አይቻልም ወይ? ይቻላል። ዐረፍተ ነገሩን በ«ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ» መልክ ለመናገር ይሞክሩ። «ጠዋት በጊዜ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ፈተናው ላይ እደርስ ነበር» ሲባል ስላለፈ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ነገ ሊሆን አይችልም። በ«ወጥቼ»፣ በ«ነግሬው»፣ በ«አይቼ» ዓይነት መልክ ተናግረውት ትርጉሙ ካልተናጋ በእንግሊዝኛው የ«ኢፍ» ክፍል ውስጥ «ሃድ» ከግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ጋር፣ በውጤቱ ክፍል ውስጥ «ዉድ ሃቭ» ከሦስተኛ ቅርጽ ጋር ይገባል፤ «ኢፍ አይ ሃድ ሌፍት ኧርሊ፣ አይ ዉድ ሃቭ ሪችድ ዚ ኤግዛም»። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለፈተና የመጣ ሰው በመንገዱ ላይ ባለው ሐረጎ ጭጋግ አግዶት ካረፈደ ስለዚያ ጠዋት የሚናገረው ሁሉ በዚህ ቅርጽ ነው፤ «ኢፍ ዜር ሃድ ኖት ቢን ፎግ፣ አይ ዉድ ሃቭ አራይቭድ ኦን ታይም»። ጭጋጉ ነበረ፣ ሰውየውም አረፈደ፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን የሁለቱንም ተቃራኒ ይናገራል። ታይፕ ስሪ ሲገጥምዎ ሁልጊዜ «በእውነት የሆነው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ አዎንታው አሉታ፣ አሉታው አዎንታ ሆኖ ያገኙታል። የምንባብ ጥያቄ የሚያወጡ ፈታኞች የሚይዙት በዚህ ነው።

ምክንያቱ ያኔ ሆኖ ውጤቱ ዛሬ ድረስ ሲዘልቅ ደግሞ ሁለቱ ዓይነቶች ይቀላቀላሉ። «ያኔ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መሐንዲስ እሆን ነበር» የሚለው «ኢፍ አይ ሃድ ስተዲድ ዜን፣ አይ ዉድ ቢ አን ኢንጂነር ናው» ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጊዜ ይዞ እንደሚመጣ ካወቁ ለዚህ የተለየ ሕግ መሸምደድ አያስፈልግዎትም።

ለጆሮ የሚያስቸግር አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። «ሃድ»ም «ዉድ»ም በንግግር ሲያጥሩ ሁለቱም አንዲት «ድ» ብቻ ይሆናሉ። «ኢፍ አይድ ኖውን፣ አይድ ሃቭ ከም» ሲባል የመጀመሪያዋ «ድ» «ሃድ» ናት፣ ሁለተኛዋ «ዉድ» ናት። መለያው ተከታዩ ቃል ነው፤ እንደ «ኖውን» ያለ ሦስተኛ ቅርጽ ከተከተላት «ሃድ»፣ እንደ «ሃቭ» ያለ ቅርጹ ያልተለወጠ ግሥ ከተከተላት «ዉድ» ናት። ሬዲዮ እያዳመጡ ይህችን «ድ» ለጥቂት ቀናት እየለዩ ቢከታተሏት ከብዙ መልመጃ ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው፣ ብዙዎችንም የሚያሳስተው አንድ ዓይነት አለ። «ትናንት ማታ ከዘነበ መንገዱ ጭቃ ነው» ስንል ማታ ይዝነብ አይዝነብ አናውቅም፤ ምንም ያራቅነው ነገር የለም። በእንግሊዝኛ «ኢፍ ኢት ሬይንድ ላስት ናይት፣ ዘ ሮድ ኢዝ መዲ» ይባላል። እዚህ «ሬይንድ» እውነተኛ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ስለ ትናንት ነው የሚናገረው፤ «ከዘነበ» ከ«ሬይንድ» ጋር በቅርጽም በትርጉምም የሚገጥምበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው። «ኢፍ ኢት ሬይንድ ቱዴይ፣ ዘ ፋርመርስ ዉድ ቢ ሃፒ» በሚለው ግን ያው «ሬይንድ» ሩቅ ምኞት ሆኗል። ስለዚህ የ«ኢፍ»ን ክፍል ብቻ አንብበው አይፍረዱ፤ ፍርዱ በውጤቱ ክፍል ነው፣ «ዉድ» አለ ወይስ የለም በሚለው።

ተረቶቻችንን በመተርጎም መለማመድን እወዳለሁ። «ካልደፈረሰ አይጠራም» ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ስለሆነ በሁለቱም ክፍል በአሁን ቅርጽ ይመለሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ግን ያከራክራል። «ቢ» ስላለ አንዳንድ ተማሪ ወደ «ዉድ» ይሮጣል፤ ተረቱ ግን ድሮች አያብሩም እያለ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሳይሆን አብሩ እያለ የሚያበረታታ ነው፣ «ነበር»ም የለበትም። ስለዚህ እኔ «ኢፍ ስፓይደርስ ዌብስ ዩናይት፣ ዜይ ካን ታይ አፕ ኤ ላየን» በሚለው እስማማለሁ። «ቢ» ብቻውን «ዉድ»ን አይጠራም ያልኩት ለዚህ ነው።

ይኸው «ቢ» በሌላም ቦታ ያታልላል። ደሴ በሐምሌ ልጅዎን ወደ ገበያ ሲልኩ «ዝናብ ቢመጣ ዣንጥላ ያዝ» ይሉታል፤ አሁኑኑ እንዲይዝ ነው የሚፈልጉት፣ ዝናቡ ይምጣም አይምጣም። «ቴክ አን አምብሬላ ኢፍ ኢት ሬይንስ» ቢሉት ግን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ ዝናቡ እስኪጀምር ይጠብቅና ያን ጊዜ ዣንጥላ ሊያነሳ ይመለሳል። ለጥንቃቄ የሚሆነው ቃል «ኢን ኬዝ» ነው፤ «ቴክ አን አምብሬላ ኢን ኬዝ ኢት ሬይንስ»። «ቢመጣም» ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መምጣቱ የተረጋገጠ ከሆነ «ኦልዞ ሂ ኬም»፣ ያልተረጋገጠ ከሆነ «ኢቭን ኢፍ ሂ ከምስ» ነው።

በሥራ ደብዳቤዎች ውስጥ «ኢፍ» የሌለበት ኮንዲሽናል ሊገጥምዎ ይችላል። «ሹድ ዩ ኒድ ኤኒ ኢንፎርሜሽን፣ ፕሊዝ ኮንታክት አስ» የሚለው ጥያቄ ይመስላል፤ ግን «መረጃ ቢያስፈልግዎ ያነጋግሩን» ማለት ነው። በመደበኛ ጽሑፍ «ሹድ»፣ «ሃድ» እና «ዌር» ወደ ፊት መጥተው «ኢፍ»ን ሊተኩት ይችላሉ፤ «ሃድ አይ ኖውን» ማለት «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ነው። እንዲህ ለመጻፍ አይቸኩሉ፤ ሲያነቡት ማወቁ ለጊዜው ይበቃል። ሥርዓተ ነጥቡ ቀላል ነው፤ የ«ኢፍ» ክፍል ከቀደመ በመካከል ነጠላ ሰረዝ ይገባል፣ ውጤቱ ከቀደመ አይገባም። ውጤቱን ማስቀደም አማርኛ ስለማይወደው እኛ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ዊል ቴል ሂም ኢፍ ሂ ከምስ» ማለት የተለመደ ነው።

የቀረው የ«አንለስ» ጉዳይ ነው። «ካልመጣ በስተቀር» በሚለው ውስጥ አሉታ አለ፤ «ካል» ውስጥ ተቀምጧል። «በስተቀር» ደግሞ በዚያ ላይ ተጨምሮ የመጣ ነው። እርስዎ ሁለቱንም ለየብቻ ተረጎሟቸው፤ ለ«በስተቀር» «አንለስ»ን፣ ለ«ካል» «ደዝ ኖት»ን ሰጡ። ነገር ግን «አንለስ» ብቻውን «ካል…በስተቀር» የሚለውን በሙሉ ይይዛል፤ አሉታው በሆዱ ነው። «አንለስ ሂ ደዝ ኖት ከም» ሲሉ አሉታው ሁለት ጊዜ ስለሚቆጠር ትርጉሙ ይገለበጥና ሰውየው ከመጣ እንደማይሄዱ የተናገሩ ይመስላል፤ እርስዎ ሊሉ የፈለጉት ደግሞ ካልመጣ እንደማይሄዱ ነው። ከ«አንለስ» በኋላ ግሡን ያለ አሉታ ይጻፉት፤ «ዊል»ም አይከተለው፤ ሕጉ የ«ኢፍ» ሕግ ነውና። «አንለስ» ካስቸገረዎ በምትኩ «ኢፍ…ኖት» ማለት ይችላሉ፤ ያኔ አሉታው በቦታው ይገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ፈተና «ካልመጣ በስተቀር አልሄድም» ሲመጣ «አይ ዊል ኖት ጎ አንለስ ሂ ከምስ» ወይም «ኢፍ ሂ ደዝ ኖት ከም፣ አይ ዊል ኖት ጎ» ብለው ይመልሱ፤ ሁለቱም ሙሉ ነጥብ የሚያሰጡ ናቸው። እስከዚያው «ባይመጣ ኖሮ አልሄድም ነበር» የሚለውን፣ አንድ ጊዜ ስለ ዛሬ፣ አንድ ጊዜ ስለ ትናንት አድርገው ጽፈው ይላኩልኝ፤ አርሜ እመልስልዎታለሁ።